ከቀራንዮ እስከ ሃዋሳ፦ ትናንሽ ልጆችን ይዞ የሐይቆቹን ጉዞ ማቀድ

ትምህርት ቤት ሲዘጋ በኢንቦክስ በብዛት ከሚደርሱን ጥያቄዎች አንዱ «ልጆቹን ይዘን የት እንሂድ?» የሚለው ነው። ብዙ ጊዜ ዝርዝሩም አብሮ ይመጣል፦ ቢሾፍቱ፣ ባቱ (ዝዋይ)፣ ላንጋኖ፣ አብያታ ሻላ፣ ሃዋሳ፣ ከተቻለም አርባ ምንጭ። ይሄ ሁሉ በአራት ሌሊት!

ለአዋቂ ይቻል ይሆናል። አምስት ዓመት ያልሞላው ልጅ ላለው ቤተሰብ ግን መቆጠር ያለበት የሚታየው ቦታ ሳይሆን የሚታደርበት አልጋ ነው። በየማታው አልጋ መቀየር ማለት በየቀኑ ሻንጣ መፍታትና ማሰር፣ አዲስ ክፍል ውስጥ እንቅልፍ እምቢ የሚለው ሕፃን፣ በማግስቱም መኪና ውስጥ ሲነጫነጭ የሚውል ልጅ ነው። በሜዲትራኒያን ባሕር ዙሪያ ያሉትን ከተሞች የሚያስጎበኙት ትልልቅ መርከቦች ልጅ ያላቸው ቤተሰቦች የሚመርጧቸው ያለ ምክንያት አይደለም፤ ከወደብ ወደ ወደብ ሲኬድ አልጋውም ሻንጣውም አብሮ ይጓዛል። የእኛ አልጋ ግን አይንቀሳቀስም። ስለዚህ ለአራት ሌሊት ሁለት አልጋ ይበቃል ባይ ነን፤ ሁለቱን ሌሊት ላንጋኖ፣ ሁለቱን ሃዋሳ። ሌላው ሁሉ የመንገድ ላይ ምሳ ወይም የግማሽ ቀን ጉብኝት ይሁን። አርባ ምንጭ የትም አይሄድም፣ ልጆቹ ሲያድጉ ይደረስበታል።

ከቀራንዮ ለሚነሳ ሰው ትልቁ ፈተና ከአዲስ አበባ መውጣቱ ነው። ሰፈራችን ያለው በምዕራብ ጫፍ ነው፤ የፍጥነት መንገዱ መግቢያ ቱሉ ዲምቱ ደግሞ በደቡብ ምሥራቅ። በአየር ጤና ቀለበት መንገዱን ይዞ፣ በለቡ አድርጎ ቃሊቲ እስኪደረስ ከረፈደ ከተማው ሳያልቅ «ደረስን ወይ?» ይጀመራል። ከንጋቱ 12 ሰዓት በፊት ልጆቹን በተኙበት አቅፎ መኪና ውስጥ ማስገባት ነው የሚያዋጣው። ስታስገቧቸው ግን ከኋላ፣ በቀበቶ። ጋቢና ላይ ልጅ ጭን ላይ አስቀምጦ በፍጥነት መንገድ መክነፍ በፍፁም አይሞከርም፤ ድንገት ፍሬን ሲያዝ በእጅ አቅፎ የሚያስቀር ሰው የለም። በዚህ መንገድ ላይ እንደልብ መቆም ስለማይቻል «ሽንቴ መጣ» የሚባለው ነገርም ከክፍያ ጣቢያው በፊት ማለቅ አለበት።

ቁርስ ቢሾፍቱ ላይ ጥሩ ነው። ሐይቆቹ የእሳተ ገሞራ ጉድጓዶች ናቸው፤ ዳራቸው ቀስ እያለ ሳይሆን በአንዴ ነው የሚጠልቀው። ቢሾፍቱ ሐይቅ ራሱ ከ80 ሜትር በላይ ጥልቀት አለው። ስለዚህ ከላይ ሆኖ ማየት እንጂ ልጅ ዳር ዳሩን እንዲራጭ መልቀቅ አይገባም። ከዚያ በሞጆ በኩል ባቱ፣ ከአዲስ አበባ 160 ኪሎ ሜትር አካባቢ፣ ለምሳ ይደረሳል። ሐይቁ ዳር ያሉት ይብራዎችና አባ ኮዳዎች ከማንኛውም መናፈሻ በላይ ልጅ ያስደስታሉ። ዓሣ ስታዝዙ ለትንንሾቹ ጉላሽ ወይም አጥንቱ የወጣለት ይሁን። (በጾም ዓሣ ይበላል አይበላም የሚለውን ክርክር ለእናንተ ትተነዋል።)

መኪና ለሌላችሁ አንድ ነገር በግልጽ እንናገር። የሃዋሳ አውቶቡስ ከቃሊቲ መናኸሪያ አለ፤ የላንጋኖ ሎጆች ግን ከዋናው አስፋልት ገባ ያሉ ናቸው። ሻንጣና ሕፃን ይዞ አስፋልት ላይ ወርዶ ኮንትራት መፈለግ ደስታውን ያጠፋዋል። እናንተ ላንጋኖን ዝለሉትና አራቱንም ሌሊት ሃዋሳ እደሩ። ምንም አይቀርባችሁም።

አሁን ወደ ውሃው። ልጅ ሐይቅ ሲያይ መግባት ይፈልጋል፤ ቢልሃርዚያ የሚባለው በሽታ ደግሞ የሚይዘው በመጠጣት ብቻ አይደለም። ተሸካሚው ቀንድ አውጣ ውሃው ውስጥ ይኖራል፤ ከእሱ የሚወጣው በዓይን የማይታይ ትል በቆዳ በኩል ይገባል። እግር ነክሮ መቆም ይበቃዋል። ሃዋሳና ባቱ ሐይቆች አካባቢ በሽታው መኖሩ የታወቀ ነው። ላንጋኖ ግን ከቢልሃርዚያ ነፃ በመሆን ነው ስሙ የሚነሳው፤ ሰው ለዋና የሚመርጠውም ለዚህ ነው። መልኩ ቡናማ ስለሆነ «ቆሻሻ ነው» ብለው የሚሸሹት አሉ፣ ጥርት ያለውን የሃዋሳን ዳርቻ አይተው ደግሞ ልጃቸውን የሚያስገቡ። ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው። የላንጋኖ ቡናማ ቀለም ግን ሌላ ችግር አለው፦ ጉልበት ድረስ የገባ ልጅ ቢወድቅ ከላይ አይታይም። ስለዚህ አንድ አዋቂ ስልኩን አስቀምጦ፣ ክንድ በሚደርስበት ርቀት መቆም አለበት። በየተራ ይሁን።

ከላንጋኖ አንዱን ጠዋት ለአብያታ ሻላ ፓርክ ስጡት። በሩ አካባቢ ሰጎንና ሚዳቋ ይታያል፤ ለሦስት ዓመት ልጅ ይሄ በቂ ነው። ሻላ ዳር ያለው ፍልውሃ ግን ያቃጥላል፣ እጅ ይያዝ። አብያታ ከዓመት ዓመት እየሸሸ ስለሄደ ዳርቻው ጭቃ ነው፤ መኪና ይዞ ወደ ውሃው መጠጋት አያዋጣም።

ሃዋሳ ላይ የልጆች ሰዓት ጠዋት ነው። አሞራ ገደል ዓሣ አጥማጆቹ ሲመለሱ አባ ኮዳዎቹ ከሰው እግር ሥር ትርፍራፊ ይሻማሉ። ጦጣዎቹም አሉ። ልጁ ሙዝ ወይም ብስኩት በእጁ ከያዘ ነጥቀውት ይሄዳሉ፤ ሊቧጭሩትም ይችላሉ፣ ስለዚህ ምግብ ቦርሳ ውስጥ ይቆይ። ጉማሬ ለማየት ጀልባ የምትይዙ ከሆነ በልጅ ልክ የሆነ የሕይወት አድን ጃኬት እንዳለ መጀመሪያ ጠይቁ። ከሌለ ጉማሬው ይቅር።

ጊዜን በተመለከተ፦ ታኅሣሥ 19 እና ሐምሌ 19 የሃዋሳ ገብርኤል ንግሥ ነው፤ ለበዓሉ ካልሆነ በቀር አልጋ ፍለጋ ልጅ ይዞ መንከራተት አይመከርም። ከመስቀል በኋላ ባለው ሰሞን ደግሞ ቢሾፍቱ በኢሬቻ ትጨናነቃለች። በየትኛውም ወቅት በማታ አትንዱ፤ ጋሪውም ከብቱም ያለ መብራት ነው አስፋልት የሚያቋርጠው። የመንገዱን ሁኔታም በጠዋቱ ከመናኸሪያ ሾፌሮች ጠይቁ።

ለመጨረሻ ያቆየነው ወባን ነው። ቀራንዮ ከፍታ ላይ ስለሆነች ልጆቻችን ወባን አያውቁትም፣ እኛም እንረሳዋለን። በአገራችን ወባ በብዛት የሚገኘው ከ2,000 ሜትር በታች ነው፤ ሃዋሳ 1,700 አካባቢ ናት፣ ላንጋኖም ከዚያ ዝቅ ይላል። ዋናው ወቅት ክረምቱ ካለፈ በኋላ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ነው። አልጋ ስትይዙ ከዋይፋይ በፊት አጎበር አለ ወይ በሉ፣ ከሌለ ከቤት ያዙ። ሲመሽ ረጅም እጅጌና ሱሪ፣ ካልሲም ጨምሩ። የመከላከያ መድኃኒት ያስፈልግ እንደሆነ ከመሄዳችሁ በፊት ሐኪም ጠይቁ፤ የልጅ መጠን በኪሎው ነው የሚወሰነው።

ወባ የተነደፉ ዕለት አይጀምርም። ብዙውን ጊዜ ከ10 እስከ 15 ቀን ይወስዳል፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ። ትኩሳቱ የሚመጣው ሻንጣው ተፈትቶ፣ ልጁ ትምህርት ቤት ተመልሶ፣ ጉዞው ከተረሳ በኋላ ነው ማለት ነው። አዲስ አበባ ያለ ክሊኒክ ደግሞ የሚያተኩስ ልጅ ሲያይ ቶንሲል ወይም ጉንፋን ቢያስብ አይፈረድበትም። ከአምስት ዓመት በታች ባለ ልጅ ወባ በአንድ ሁለት ቀን ውስጥ ሊጠና ይችላል። ስለዚህ ከተመለሳችሁ በኋላ ባሉት ሦስት ወራት ውስጥ ልጁ ካተኮሰው በዚያው ቀን ወደ ጤና ጣቢያ ውሰዱት፤ ካርድ ስታወጡም ሳትጠየቁ «ሃዋሳ ሄደን ነበር፣ የወባ ምርመራ ይደረግለት» በሉ። ምርመራው ከጣት በምትወሰድ የደም ጠብታ ነው የሚሠራው።