ከዱርቤቴ ሆኖ በሩቅ ያለ ተማሪ ማስጠናት ይቻላልን?

ከባሕር ዳር ተነሥቶ ወደ ዳንግላ የሚጓዝ መንገደኛ መራዊን ካለፈ በኋላ ዱርቤቴን ያገኛል። ዱርቤቴ የደቡብ አቸፈር ወረዳ ዋና ከተማ ናት። በዚህችም ከተማ፣ እንደ ማናቸውም የወረዳ ከተማ ሁሉ፣ ሥራ ፈላጊው ወጣት ሳይጎበኘው የማያልፍ አንድ ስፍራ አለ፤ ይኸውም በመሥሪያ ቤት ደጃፍ የቆመው የማስታወቂያ ሰሌዳ ነው። በሰሌዳው ላይ የሚለጠፈው ወረቀት ጥቂት፣ ወረቀቱን የሚያነበው ዐይን ግን ብዙ ነው።

አንባቢ ወዳጄ ሆይ፣ ዛሬ ሌላ ሰሌዳ በኪስህ ይዘህ ትዞራለህ። የሥራ ማስታወቂያ የሚሰበሰብባቸው ድረ ገጾች በእጅ ስልክህ ይከፈታሉ። በእነርሱ ላይ ከሚወጡት ሥራዎች አንዱ ለተማሪ ወይም ደመወዙ ከወር እስከ ወር ለማይደርስለት ጀማሪ የመንግሥት ሠራተኛ በተለይ የሚስማማ ነው፤ እርሱም በኢንተርኔት ተማሪ ማስጠናት ነው። እኅቴ ሆይ፣ ጽሑፉ በወንድ አንቀጽ ቢጻፍም ምክሩ ላንቺም ጭምር ነው።

ሥራው አዲስ አይደለም

ማስጠናት ለአገራችን እንግዳ ነገር አይደለም። በጎጃም የቅኔ ቤቶች መምህሩ ብቻውን ሁሉን አያስተምርም፤ ትምህርቱ የገፋው ደቀ መዝሙር አስነጋሪ ሆኖ ከኋላው ላሉት ያስረዳል። በከተማም የ12ኛ ክፍል ተማሪ የ8ኛ ክፍሉን ልጅ ቤቱ ድረስ እየሄደ ማስጠናቱ የቆየ ልማድ ነው። አዲሱ ነገር መንገዱ ብቻ ነው።

ፈላጊውም አልጠፋም። በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ከወሰዱት ተማሪዎች መካከል 50 ከመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 ከመቶ ብቻ ነበሩ። በ2015 ዓ.ም. 3.2 ከመቶ፣ በ2016 ዓ.ም. 5.4 ከመቶ፣ በ2017 ዓ.ም. ደግሞ 8.4 ከመቶ አለፉ። ከእነዚህ ቍጥሮች በስተጀርባ ልጄ ይወድቅብኝ ይሆን እያለ የሚጨነቅ ወላጅ አለ፤ ሒሳብና ፊዚክስ በሚገባ የሚያስረዳ ሰው ቢያገኝ ደስ ይለዋል።

በብዙ ስም ፈልግ

በአገራችን ኢትዮጆብስ የተባለው ድረ ገጽ የታወቀ ነው፤ በቴሌግራምም የሥራ ማስታወቂያ የሚያወጡ ቻናሎች ብዙ ናቸው። ከባሕር ማዶዎቹ ኢንዲድና ሊንክድኢን ይጠቀሳሉ። እነዚህ ሁሉ ጠቅላላ ገበያዎች ናቸው፤ ሹፌሩም፣ ሒሳብ ሠራተኛውም፣ ሐኪሙም በአንድነት ይፈለጉባቸዋል። በእንዲህ ያለ ሰፊ ገበያ የምትፈልገውን ለማግኘት ስሙን ማወቅ አለብህ።

ችግሩ የማስጠናት ሥራ አንድ ስም የሌለው መሆኑ ነው። አንዱ ቀጣሪ «አስጠኚ» ብሎ ይጽፋል፤ ሌላው «መምህር»፣ ሦስተኛው «የትምህርት ረዳት» ይላል። በእንግሊዝኛም አንዱ «ቲውተር»፣ ሌላው «ቲቸር»፣ ሌላው «ኢንስትራክተር» ይለዋል። እንግዲህ በአንድ ቃል ፈልገህ ባታገኝ ሥራ የለም ብለህ አትተው። ደግሞም «መምህር» ብለህ ብቻ ብትፈልግ የትምህርት ቤት ቅጥር ሁሉ ይጎርፍብሃል፤ የትምህርቱን ስም ጨምረህ «የፊዚክስ አስጠኚ» ብትል ግን ነገሩ ይጠራል። የሚስማማህን ፍለጋ ካገኘህ በኋላ በስምህ አስቀምጠው፤ አዲስ ማስታወቂያ በወጣ ቍጥር ድረ ገጹ ራሱ በኢሜይል ይነግርሃል። በየቀኑ ገጽ እየከፈቱ የኢንተርኔት ሒሳብ ከመጨረስም ትድናለህ።

ቀጥሎ ስለ አገር የተጻፈውን መስመር ከደመወዙ አስቀድመህ አንብብ። «በርቀት የሚሠራ» ማለት «ከማናቸውም አገር የሚሠራ» ማለት አይደለም። ብዙ የውጭ ድርጅቶች በግብርና በሥራ ውል ሕግ ምክንያት በአገራቸው ነዋሪ የሆነውን ብቻ ይቀጥራሉ። ይህን ሳያነቡ ሃያ ማመልከቻ ልኮ መልስ መጠበቅ ከንቱ ድካም ነው።

ከዲፕሎማው ይልቅ ትምህርቱን አሳይ

ማመልከቻ ስትጽፍ «ሁሉንም ትምህርት አስተምራለሁ» አትበል። ሁሉን የሚያውቅ ሰው እንደሌለ ወላጅ ያውቃል። «የ11ኛና የ12ኛ ክፍል ሒሳብ አስጠናለሁ፤ በተለይ ተማሪዎች የሚቸገሩበትን ካልኩለስ በአማርኛ አስረዳለሁ» ማለት እጅግ ይሻላል። ከዚህም ጋር በስልክህ የተቀረጸ የአምስት ደቂቃ ትምህርት አያይዝ፤ አንድ ጥያቄ ወስደህ በወረቀት ላይ ከመነሻው እስከ መድረሻው እየሠራህ አስረዳ። ባለ ዲፕሎማው ብዙ ነው፤ ሲያስረዳ የታየው ግን ጥቂት ነው።

ቀጣሪው የሙከራ ትምህርት ቢጠይቅህ የግማሽ ሰዓት ያህል ብታሳየው ነውር የለውም። ነገር ግን የወር ትምህርት በነጻ አዘጋጅልኝ ወይም ሦስት ተማሪ ለሙከራ አስጠናልኝ ቢልህ፣ ሰውየው የሚፈልገው አስጠኚ ሳይሆን ነጻ ጉልበት ነውና ተወው።

አተርፍ ባይ አጉዳይ

አሁን ወደ ዋናው ማስጠንቀቂያ ደረስን። በጠቅላላ የሥራ ገበያ ውስጥ አታላይም አብሮ ይገበያያል። እርሱን ለመለየት ገበያው እንዴት እንደሚተዳደር ማወቅ በቂ ነው። በእውነተኛ የቅጥር ማስታወቂያ ገንዘብ የሚያወጣው ሠራተኛ የሚፈልገው ድርጅት ነው፤ ሥራ ፈላጊው ለመቀጠር አይከፍልም። ስለዚህ «ለመመዝገቢያ»፣ «ለሥልጠና»፣ «ለመለያ ካርድ» እያለ አስቀድሞ ብር በቴሌብር ላክ የሚልህ ሰው፣ ቃሉ የቱንም ያህል ቢጣፍጥ፣ ቀጣሪ አይደለም።

ሌሎችም ምልክቶች አሉ። የድርጅቱን ስም ሳይነግርህ የመታወቂያህን ፎቶግራፍ የሚጠይቅ፣ የባንክ የምስጢር ቍጥርህን ወይም በስልክህ የሚደርስህን የማረጋገጫ ኮድ ንገረኝ የሚል፣ ሳያነጋግርህ በአንድ ቀን ቀጥሬሃለሁ የሚል፣ ለአንድ ሰዓት ማስጠናት የወር ደመወዝ የሚያህል ገንዘብ ተስፋ የሚሰጥ፣ እነዚህን ሁሉ ተጠራጠር። የድርጅቱን ስም በሌላ ቦታ ፈልግ፤ የራሱን ድረ ገጽ ክፈት፤ ማስታወቂያው እዚያም መኖሩን ተመልከት። የቸኮለ አፍስሶ ለቀመ ይባላል፤ በዚህ ገበያ ያፈሰሰ ግን ብዙውን ጊዜ የሚለቅመው አያገኝም።

ያንተ ገበያ የት ነው?

እንግሊዝኛ ለማስተማር ከመላው ዓለም ሰው ጋር ትሽቀዳደማለህ። አማርኛ ለማስተማር ግን የዱርቤቴ ልጅ ከማንም አያንስም። በውጭ አገር የተወለዱ ኢትዮጵያውያን ልጆች ከአያቶቻቸው ጋር መነጋገር ሲያቅታቸው ወላጆቻቸው ያዝናሉ፤ ፊደል የሚያስቈጥርላቸውም ይፈልጋሉ። ለምሳሌ በዋሽንግተንና በአካባቢዋ ወገኖቻችን እጅግ ብዙ ከመሆናቸው የተነሣ፣ ከተማዪቱ በ2004 እ.ኤ.አ. ባወጣችው የቋንቋ አገልግሎት ሕግ መሠረት ሰነዶቿን ከምታስተረጕምባቸው ቋንቋዎች አንዱ አማርኛ ነው።

ሰዓቱንም አስላ። በዋሽንግተን ቅዳሜ በእነርሱ አቈጣጠር ከጠዋቱ 9 ሰዓት ሲሆን፣ በኛ ከቀኑ 11 ሰዓት ነው፤ እነርሱ ሰዓታቸውን ወደፊት በሚገፉበት ጊዜ፣ ማለት ከመጋቢት መጀመሪያ ገደማ እስከ ጥቅምት መጨረሻ ገደማ፣ 10 ሰዓት ይሆናል። ይህ ለሠራተኛም ለተማሪም የሚመች ነው። የሥራ ቀን ምሽት 6 ሰዓት ላይ ልጄን አስጠናልኝ ቢሉህ ግን ላንተ ከሌሊቱ 7 ወይም 8 ሰዓት ነውና እሺ ከማለትህ በፊት አስብበት። በደብዳቤህ ሁልጊዜ «በእናንተ ሰዓት» ወይም «በኢትዮጵያ ሰዓት» ብለህ ጻፍ፤ የስድስት ሰዓት ስሕተት ተማሪ ያሳጣል።

መስመር ቢጠፋስ?

እውነቱን እንነጋገር። በሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ ከታወጀው የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ በኋላ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ወደ ዓመት ለሚጠጋ ጊዜ ተቋርጦ ነበር። በዚህ ሥራ ላይ የሚደገፍ ሰው ይህን አይርሳ። መብራትም ይጠፋል። ስለዚህ ከተማሪህ ወላጅ ጋር በመጀመሪያው ቀን ተስማማ፤ መስመር ቢቋረጥ ትምህርቱ መቼ እንደሚካካስ ይወሰን። ምስል ያለበት የአንድ ሰዓት ትምህርት ከግማሽ እስከ አንድ ተኩል ጊጋባይት ሊጨርስ ስለሚችል ዋጋህን ስትተምን ይህንም ቍጠር። መስመሩ ሲደክም ምስሉን አጥፍተህ በድምፅ ብቻ ቀጥል፤ የሠራኸውንም በፎቶግራፍ ላክ።

በአንድ ቀጣሪ ብቻም አትደገፍ። በሐምሌ 2021 እ.ኤ.አ. የቻይና መንግሥት በዋና ዋና ትምህርቶች ለትርፍ የሚደረገውን ማስጠናት ሲከለክል፣ በሌላ አገር ተቀምጠው የቻይናን ልጆች እንግሊዝኛ ያስጠኑ የነበሩ ብዙ መምህራን ሥራቸውን አጥተዋል። ጥፋቱ የእነርሱ አልነበረም፤ እንጀራቸው ግን በአንድ ምጣድ ላይ ነበር።

ከመጀመርህ በፊት

ሦስት ነገር ጠይቅ። ክፍያው በሰዓት ነው ወይስ በትምህርት፣ ድርጅቱስ ከላዩ ምን ያህል ይቈርጣል? ገንዘቡ በየትኛው መንገድ እጅህ ይገባል? ተማሪው ሲቀር ይከፈልሃል? የመንግሥት ሠራተኛ ከሆንህ ደግሞ ተጨማሪ ሥራ ስለ መሥራት የመሥሪያ ቤትህ ደንብ ምን እንደሚል አስተዳደሩን ጠይቅ፤ በመንግሥት ሰዓትና በመንግሥት መስመር የግል ተማሪ ማስጠናት በምንም መንገድ አይገባም።

እንግዲህ ለርእሱ ጥያቄ መልሱ ይቻላል ነው፤ በአንድ ጀንበር ግን አይደለም። በመጀመሪያው ወር አንድ ተማሪ ብታገኝ መልካም ጅምር ነው። ያ ተማሪ ያልገባው ሲገባው ወላጁ ለጎረቤቱ ይናገራል፤ ሁለተኛው ተማሪም ያለ ማስታወቂያ ይመጣል። ድረ ገጹ በሩን ያሳይሃል፤ ከበሩ አልፎ የሚያስገባህ ግን የምታውቀውን ለሌላው ማስረዳት መቻልህ ነው።