የደረት ውጋት ሁሉ ብርድ አይደለም

ካዛንቺስ ውስጥ «ደረቴን ይወጋኛል» ያለ ሰው መልሱ ቶሎ ይደርሰዋል። ጎረቤት «ብርድ መትቶህ ነው» ይላል፤ ጓደኛ «ጨጓራህ ነው፣ ቡናና በርበሬ ቀንስ» ይላል፤ ከመድኃኒት ቤት ደግሞ ኦሜፕራዞል ይገዛል። የሚያስብልን ሰው መኖሩ ደግ ነው። ነገር ግን ደረት ውስጥ ልብ፣ ሳንባ፣ የምግብ ቧንቧና ትልቁ የደም ቧንቧ አሉ፤ ከላያቸው ደግሞ ጡንቻና አጥንት አለ። ሕመሙ ከየትኛው እንደመጣ መለየት ለሐኪምም ያስቸግራል። ስለዚህ «ብርድ ነው» ከማለታችን በፊት ምርመራው ይቅደም እላለሁ።

እኔ በግራ ደረቴ በኩል ውጋት ሲመላለስብኝ ጤና ጣቢያ ሄድኩ። ከመሣሪያው ይበልጥ የጠቀመኝ የሐኪሟ ጥያቄ ነው። ዳገት ስወጣ ይመጣ እንደሆነ፣ ስቆም ይተወኝ እንደሆነ፣ አየር ስስብ ይብስ እንደሆነ፣ በልቼ ጋደም ስል ያቃጥለኝ እንደሆነ፣ ቦታውን በአንድ ጣት ማሳየት እችል እንደሆነ ጠየቀችኝ። ስትጫነው ያመመኝ የጎድን አጥንት ከደረት አጥንት ጋር የሚገናኝበት ልም አጥንት ነበር። የልብን የኤሌክትሪክ ምት የሚመዘግበው ኢሲጂና ራጁ ደህና ስለሆኑ የዚያ ቦታ ብግነት ነው ተባልኩ፤ ቀስ በቀስም ለቀቀኝ። ሲነኩት ማመሙ ብቻውን ግን ልብን ነፃ አያወጣም፤ ኢሲጂው የታዘዘልኝም ለዚህ ነው።

ከጥያቄዎቹ ሁሉ የሚከብደው የመጀመሪያው ነው። ከመስቀል አደባባይ ተነሥታችሁ በኢሲኤ በኩል ወደ ሒልተን ዳገቱን ስትወጡ ደረታችሁን የሚጨንቃችሁ፣ ቆም ስትሉ በደቂቃዎች የሚለቃችሁ ከሆነ የልብ ደም ቧንቧ መጥበብ ሊሆን ይችላል። ይህ ሕመም ብዙ ጊዜ አይወጋም፤ ድንጋይ እንደተጫነ ይከብዳል፣ ወደ ክንድ፣ ወደ መንጋጋ ወይም ወደ ጀርባ ይሄዳል። አንዳንዴ ከእምብርት በላይ ብቻ ተሰምቶ ቁርጥ ጨጓራ ይመስላል፤ እኔን የሚያስፈራኝ ይኸው ነው። በሴቶችና በስኳር ሕሙማን ላይ ደግሞ ድካም፣ ማቅለሽለሽና የትንፋሽ ማጠር ብቻ ሆኖ ሊታይ ይችላል።

በተቀመጣችሁበት የመጣ፣ ከጥቂት ደቂቃ በላይ የቆየ፣ ቀዝቃዛ ላብ፣ የትንፋሽ ማጠር ወይም ራስን መሳት ያለበት የደረት ሕመም ቀጠሮ አይጠብቅም። ራሳችሁ መኪና አትንዱ። 907 ደውላችሁ የቀይ መስቀል አምቡላንስ ጥሩ፤ ካልሆነ ሰው ይዟችሁ ቅርብ ወዳለው ድንገተኛ ክፍል ይሂድ። ለብዙ የቂርቆስ ነዋሪ ዘውዲቱ ሆስፒታል ቅርቡ ነው። በር ላይ «የደረት ሕመም ነው» በሉ፤ ኢሲጂ በ10 ደቂቃ ውስጥ መነሣት አለበት። የመጀመሪያው ደህና ነው ተብሎ እንኳ ቢያቆዩአችሁ አትማረሩ፤ ትሮፖኒን የሚባለው የደም ምርመራ የልብ ጡንቻ መጎዳቱን በደንብ የሚያሳየው ከሰዓታት በኋላ ስለሆነ ይደገማል። ዳይክሎፌናክ ተወግቶ ወደ ቤት መመለስ ግን ሕመሙን ይሸፍነዋል፣ ጨጓራን ይጎዳል፣ ለልብ ሕመምተኛም አደጋ አለው።

«ወጣት ነኝ፣ ልቤ ምን ይሆናል?» የሚልም አለ። በእኛ አገር በልጅነት በደንብ ያልታከመ የቶንሲል ሕመም የልብን በሮች ሊያበላሽ ይችላል፤ ብዙ ጊዜ የሚታወቀው ከዓመታት በኋላ፣ አንዳንዴም በእርግዝና ወቅት ትንፋሽ ሲያጥር ነው። ዶክተር በላይ አበጋዝ እ.ኤ.አ. በ1989 የልብ ሕሙማን ሕፃናትን የሚረዳ ማኅበር የመሠረቱት፣ በጥቁር አንበሳ ግቢም እ.ኤ.አ. በ2009 የልብ ማዕከል የተከፈተው እንዲህ ያሉ ልጆች ብዙ ስለሆኑ ነው።

ሌሎቹን ባጭሩ ልንገራችሁ። ሳል፣ የሌሊት ላብና የክብደት መቀነስ ካለ ቲቢ ይጠረጠራል። ከወሊድ ወይም ከቀዶ ጥገና በኋላ አንድ እግር አብጦ ድንገት ትንፋሽ ካጠረ ሳንባ ውስጥ ደም ረግቶ ሊሆን ይችላል፤ ይህም ድንገተኛ ነው። በአንድ ጎን ብቻ ቆዳውን የሚያቃጥል ከሆነ ሽፍታው ገና ያልወጣ አልማዝ ባለጭራ ሊሆን ይችላል። ጫት የምትቅሙ ለሐኪም አትደብቁ፤ የልብ ምትንና የደም ግፊትን ይጨምራል። ጭንቀትም ደረትን ያሳምማል፣ ሕመሙም እውነተኛ ነው፤ ነገር ግን «ጭንቀት ነው» የሚባለው ሌላው ሁሉ ከታየ በኋላ ነው።

በ2017 ዓ.ም. ከካዛንቺስ ተነሥታችሁ ሌላ ክፍለ ከተማ የገባችሁ የሰፈሬ ሰዎች፣ ካርዳችሁ የቀድሞው ጤና ጣቢያ ቀርቶ ሊሆን ይችላል። የድሮ ኢሲጂ በእጃችሁ ካለ ለአዲሱ ሐኪም አሳዩት፤ ከዛሬው ጋር ሲተያይ አዲስ የመጣውን ለውጥ ይለያል። ወረቀቱ እየቆየ ስለሚደበዝዝ አሁኑኑ በስልካችሁ ፎቶ አንሱት፤ የምትወስዱትን መድኃኒት ስምና መጠንም እዚያው አስቀምጡ።