የዓይን መድኃኒቱ ኃይሉን እንዳያጣ

በምሥራቅ ጎጃም ዞን ጎንቻ ሲሶ እነሴ ወረዳ እ.ኤ.አ. በ2006 በተጀመረ ጥናት፣ በተመረጡ ቀበሌዎች የሚኖሩ ሕፃናት ትራኮማን የሚያክመውን አዚትሮማይሲን በየሦስት ወሩ ወሰዱ። የዓይን ኢንፌክሽኑ በእጅጉ ቀነሰ። ሆኖም በአፍንጫና በጉሮሮ የሚኖረው፣ የሳንባ ምችና የዓይን መመርቀዝ የሚያስከትለው ኒሞኮከስ ባክቴሪያ መድኃኒቱን ተላመደ። የተላመደው ባክቴሪያ የተገኘባቸው ሕፃናት በአንድ ዓመት ውስጥ ከ3.6 ወደ 46.9 በመቶ አሻቀቡ።

ምክንያቱ ግልጽ ነው። መድኃኒቱ ደካማውን ተህዋስ ሲገድል የተረፈው ብርቱው ይራባል። ትራኮማ ዓይን ስለሚያጠፋ በዘመቻ የሚሰጠውን መድኃኒት መውሰድ ግን ይገባል። ችግሩን የሚያባብሰው ያለ ባለሙያ ትዕዛዝ መድኃኒት መጠቀምና ጀምሮ ማቋረጥ ነው።

ለከብት የሚወጋው ኦክሲቴትራሳይክሊንና ለሰው ዓይን የሚቀባው ቴትራሳይክሊን አንድ ቤተሰብ ናቸው። ስለዚህ አርሶ አደሩ ከብቱን በእንስሳት ጤና ባለሙያ ያሳክም፤ ከከብት የተረፈ መድኃኒት ለሰው አይጠቀም። የልጆችን ፊት በየቀኑ ማጠብና መጸዳጃ ቤት መጠቀም የመድኃኒቱን ፍላጎት ይቀንሳሉ። ይህ ግን ውኃ ይጠይቃል፤ የወረዳ አመራሩም ከመድኃኒት ዕደላው ጎን ለጎን ለውኃ ተቋማት ትኩረት መስጠት አለበት።