ካርቦን ከማከማቸት በፊት

ከጉርድ ሾላ (ስሙ ራሱ የተቈረጠ ዛፍ ያሳስባል) ወደ እንጦጦ ቀና ብንል፥ ባሕር ዛፉ ማገዶና ማገር እንጂ የካርቦን ጎተራ መስሎ አይታየንም። ዳሩ ግን ዛፍ ካርቦንን ከአየር ስቦ በግንዱ ያኖራል። ሌላም ዘዴ አለ፤ ይኸውም ጋዙን ከፋብሪካ ጢስ ለይቶ በጥልቅ ምድር መቅበር ነው።

በሆላንድ አገር በባረንድሬኽት ከተማ ይህ ታስቦ ነበር። ነዋሪዎቹ ግን ከቤታቸው ሥር እንዳይቀበር አጥብቀው ስለ ተቃወሙ፥ መንግሥት በ2010 እ.ኤ.አ. አሳቡን ተወው።

በአገራችንስ? በወላይታ፥ በሁምቦ፥ 2,728 ሔክታር የተራቈተ ተራራ ከጉቶው እንዲያቈጠቍጥ ሲታቀድ፥ ገበሬዎቹ መሬታችን ይወሰድብናል ብለው ሠጉ። ይህ ሥጋት ከአለማወቅ የመጣ አይመስለንም፤ ተገቢ ጥያቄ ነው። መልስ የሆናቸውም የኬሚስትሪ ትምህርት ሳይሆን፥ በሰባት የኅብረት ሥራ ማኅበራት ተደራጅተው በደኑ የመጠቀም መብት ማግኘታቸው ነው። ሥራው በ2009 እ.ኤ.አ. በተባበሩት መንግሥታት ዘንድ ተመዘገበ፤ በዓለም ባንክ የሚተዳደር ፈንድም ከተከማቸው ካርቦን ከፊሉን ለመግዛት ተዋዋለ።

እንግዲህ በእንጦጦ ስለ ካርቦን ሊያስረዳ የሚነሣ ሰው፥ ቅጠልና ጭራሮ ተሸክመው ከሚወርዱት ሴቶች ቢጀምር እንወዳለን። ዛፉ አይነካ ከተባለ በምን እንደሚተዳደሩ አስቀድመው ይጠይቁታል።