ድመት የሰው መድኃኒት ብትውጥ ምን ማድረግ ይገባል?

የአርሲ ደጋ የስንዴና የገብስ አገር ነው። ከጭላሎ ተራራ ግርጌ ካለችው ከአሰላ ጀምሮ እስከ በቆጂ ድረስ ጎተራ ወይም ጆንያ የማይታይበት ቤት ጥቂት ነው። እህል ባለበት አይጥ አለ፤ አይጥ ባለበትም ድመት ትፈለጋለች። ስለዚህ በአማርኛ ድመት፣ በኦሮምኛ አዱሬ የምትባለው ይህች እንስሳ በአገራችን ለጌጥ ብቻ የምትያዝ ሳትሆን ያለ ደመወዝ የምታገለግል የእህል ዘበኛ ናት። አይጥም ንብረት አጥፊ ብቻ ሳይሆን በሽታ አስተላላፊ ስለ ሆነ፣ ድመት ለጤና አጠባበቅ ረዳት ናት ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ይሁን እንጂ በየቤታችን ከእህሉ ሌላ መድኃኒትም ይገኛል። አሰላ ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ያለች ብርዳም ከተማ ስለ ሆነች፣ ለጉንፋንና ለራስ ምታት የሚዋጠው ፓራሲታሞል ከብዙ ቤት አይጠፋም። ለወገብና ለጉልበት ሕመም ዲክሎፍናክ፣ ለነፍሰ ጡር እናት የብረት ኪኒን፣ ለስኳር በሽታ ግሊቤንክላሚድ፣ ለደም ግፊትም ልዩ ልዩ ኪኒን ይታዘዛል። በውጭ አገር ያሉ ዘመዶችም ታይሌኖልና አድቪል በብልቃጥ እየሞሉ ይልካሉ። እነዚህ ሁሉ በትራስ ሥር፣ በመስኮት ደፍ፣ በቡና ረከቦት ላይ ወይም በእጅ ቦርሳ ውስጥ ተጥለው ማየት የተለመደ ነው።

አንዳንድ አንባብያን፣ የጤና መሥሪያ ቤት ስለ ድመት መጻፉ ምን ይፈይዳል ይሉ ይሆናል። መልሳችን አጭር ነው። ድመት የደረሰችበትን ኪኒን የሚድኽ ሕፃንም ይደርስበታል። የድመቲቱ መመረዝ፣ በዚያ ቤት መድኃኒት በአግባቡ አለመቀመጡን የሚያስታውቅ የማስጠንቀቂያ ደወል ነው።

የድመት ጉበት ከሰው ጉበት ይለያል

ሰው የሚውጠው መድኃኒት ሥራውን ከፈጸመ በኋላ በጉበት ተለውጦ በሽንት ይወጣል። ይህን ማጣሪያ ከሚያከናውኑት ኢንዛይሞች አንዱና ዋነኛው በድመት ዘር ጉድለት ያለበት ነው። ስለዚህ በሰው አካል ውስጥ ያለ ጉዳት የሚያልፈው ፓራሲታሞል፣ በድመት አካል ውስጥ ወደ መርዝነት ተለውጦ ደምዋን ያበላሻል። የተበላሸው ደም አየር መሸከም ይሳነዋል፤ ቀለሙም እንደ ቡና ይጠቁራል። እንስሳይቱ አየር እየሳበች በአየር እጦት ትታፈናለች ማለት ነው።

መጠኑን በቁጥር እንመልከት። ለአንድ ኪሎ የሰውነት ክብደት 10 ሚሊግራም ፓራሲታሞል እንኳ ድመትን ሊመርዝ እንደሚችል ታውቋል። ሦስት ኪሎ ለምትመዝን ድመት ይህ 30 ሚሊግራም ብቻ ነው፤ እርሱም የአንድ ባለ 500 ሚሊግራም ኪኒን አሥራ ስድስተኛ ክፍል ያህል ነው። እንግዲህ «ታማለች፣ ግማሽ ኪኒን ልስጣት» ብሎ በርኅራኄ የሚሰጥ ሰው፣ ሳያውቅ የሚገድል መጠን እየሰጠ ነው።

አስፒሪንም እንዲሁ ነው። በትንሽ መጠን ሲወሰድ ከሰው ደም ውስጥ በጥቂት ሰዓት የሚቀንሰው ይህ መድኃኒት፣ በድመት ደም ውስጥ ግማሹ እስኪወጣ ድረስ 40 ሰዓት ገደማ ይፈጃል። ኢቡፕሮፊንና ዲክሎፍናክ ጨጓራን ያቆስላሉ፤ ኩላሊትንም ያደክማሉ። የስኳር ኪኒን የደምን ስኳር አውርዶ ያንቀጠቅጣል፣ ራስንም ያስታል። የብረት ኪኒን ሆድን ያቃጥላል፤ ጉበትንም ይጎዳል። ውሻ ላለው ሰው ደግሞ፣ ለሳንባ ነቀርሳ የሚታዘዘው አይሶኒያዚድ ለውሻ እጅግ አደገኛ መሆኑን እግረ መንገዳችንን እናስታውቃለን።

የመመረዝ ምልክቶች

ፓራሲታሞል የዋጠች ድመት ምልክቱ ብዙውን ጊዜ በጥቂት ሰዓት ውስጥ ይታይባታል። ለሐጭዋ ይዝረከረካል፤ ታስመልሳለች፤ ትተኛለች፤ ትንፋሽዋም ይፈጥናል። ድድዋ ተገልጦ ሲታይ፣ ሮዝ መሆኑ ቀርቶ ቡናማ ወይም ሰማያዊ መልክ ይይዛል። ፊትዋና መዳፎችዋ ያብጣሉ፤ ሽንትዋም ይጠቁራል። ጨጓራ የሚያቆስሉት መድኃኒቶች ግን ቀስ ብለው ስለሚሠሩ፣ ጥቁር ዓይነ ምድር፣ ብዙ ውኃ መጠጣትና ምግብ መተው የሚታዩት ውሎ አድሮ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ምልክት እስኪታይ መጠበቅ የመዳኛውን ጊዜ ማባከን ነው።

በዚህ ስፍራ አንድ ብርቱ ማስጠንቀቂያ እንጨምራለን። ለሐጭ ማዝረክረክና ጠባይ መለወጥ የእብድ ውሻ በሽታም ምልክት ነው፤ ይህም በሽታ ድመትን ይይዛል። መድኃኒት መዋጥዋ በእርግጥ ካልታወቀ፣ እጅን ወደ አፍዋ ማስገባት ፈጽሞ አይገባም። የነከሰችው ወይም የቧጨረችው ሰው ቁስሉን በሳሙናና በሚፈስ ውኃ ለ15 ደቂቃ አጥቦ፣ ስለ ክትባቱ ለመመርመር ወዲያውኑ ወደ ጤና ጣቢያ ይሂድ።

ወዲያውኑ የሚደረገው

አንደኛ፣ ድመቲቱን ከቀረው መድኃኒት አርቆ፣ ቀዳዳ ባለው ካርቶን ወይም በአንድ ክፍል ውስጥ መዝጋት ነው። ነፃ ከተለቀቀች ወደ ጣራ ወይም ከጎተራ ሥር ገብታ ትሸሸጋለች። ለመያዝ ካስቸገረች ራስዋን ብቻ አስቀርቶ በነጠላ ወይም በፎጣ መጠቅለል ይበጃል።

ሁለተኛ፣ የመድኃኒቱን ማሸጊያ ማንሳት፣ ስሙንና ሚሊግራሙን ማንበብ፣ የጎደለውን ኪኒን መቁጠር፣ የዋጠችበትንም ሰዓት መጻፍ ነው። ክብደትዋን ለማወቅ ሰው ድመቲቱን ይዞ ሚዛን ላይ ይወጣል፤ ቀጥሎ ብቻውን ይመዘናል፤ ልዩነቱ የእርስዋ ክብደት ነው። ነገር ግን ሚዛን በቅርብ ከሌለ፣ ስለ እርሱ ሲባል ጉዞ አይዘገይ።

ሦስተኛ፣ ሽሮፕ ወይም ቅባት ጠጉርዋን ነክቶት እንደ ሆነ፣ ድመት ራስዋን እየላሰች ስለምትጸዳ ወደ ሆድዋ ይገባል። ለብ ባለ ውኃና በለዘብተኛ ሳሙና አጥቦ፣ በደንብ አድርቆ፣ በጨርቅ ማሞቅ ያስፈልጋል። በደጋ ብርድ እርጥብ ሆና ከቀረች ሌላ ጉዳት ይከተላታል።

አራተኛ፣ ምልክት ቢታይም ባይታይም ማሸጊያውን ይዞ ወደ እንስሳት ሐኪም መውሰድ ነው። ሐኪሙ ሩቅ ከሆነ በስልክ ምክር እየተቀበሉ መንገድ መጀመር ይገባል።

አምስተኛ፣ የምትንቀጠቀጥ ወይም ራስዋን የሳተች ከሆነ፣ በአፍዋ ምንም ሳይሰጡ በጎን አስተኝቶ ጸጥ ባለና ጨለም ባለ ስፍራ አድርጎ መውሰድ ነው።

ከቶ የማይደረገው

መርዝን በማስመለስ ማውጣት በብዙዎች ዘንድ የታመነ ልማድ ነው። ለድመት ግን የጨው ውኃ፣ የሳሙና ውኃ፣ ዘይት ወይም ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ መጋት አደገኛ ነው። ጨው ራሱ መርዝ ይሆንባታል፤ ፐርኦክሳይድ ጨጓራዋን ያቆስላል፤ ያስመለሰችውም ወደ ሳንባዋ ሊገባ ይችላል። ወተት መርዝ ያረክሳል የሚባለውም ለዚህ ነገር አይሠራም። አረቄ፣ ፌጦና ነጭ ሽንኩርት ጉዳት ይጨምራሉ እንጂ አያድኑም፤ ነጭ ሽንኩርትማ ራሱ የድመትን ደም የሚያበላሽ ነው። «ሐኪሞች ከሰል ይሰጣሉ» መባሉን የሰሙ ሰዎችም ከምድጃቸው ከሰል እንዳይፈጩ እንመክራለን፤ ሐኪም የሚሰጠው ከሰል መርዝ እንዲስብ በልዩ ዘዴ የተዘጋጀ ስለ ሆነ፣ የምድጃው አይተካውም።

በሐኪም እጅ ግን ብዙ መድኃኒት አለ። ጊዜው ገና ከሆነ በተገቢው መድኃኒት ያስመልሳታል፤ የተዘጋጀ ከሰል ይሰጣታል፤ ትንፋሽዋን ይረዳል። ለፓራሲታሞልም አሲቲልሲስቴን የሚባል ማርከሻ አለ፤ ይህም ለሰውም ለእንስሳም የሚያገለግል ሲሆን፣ በቶሎ ሲሰጥ ጥቅሙ ይበልጣል።

የአርሲ ሕዝብ ለእንስሳት ሕክምና እንግዳ አይደለም። በ1960 ዓ.ም. በኢትዮጵያና በስዊድን መንግሥታት ትብብር የተቋቋመው የጭላሎ የእርሻ ልማት ድርጅት፣ ካዱ፣ ከእርሻው ሥራ ጋር የከብት እርባታንም አስፋፍቶ ነበር። ላም ስትታመም ሐኪም መጥራት ተለምዶአል። ድመት ይዞ መሄድ ግን ለብዙ ሰው ዛሬም እንደ ቅንጦት ይታየዋል። ጎተራውን የምትጠብቅ እንስሳ አንድ ቀን መንገድ ብታስወጣ ቅንጦት ነው አንልም።

ሕፃን የዋጠ እንደ ሆነ

ድመት ያገኘችውን ኪኒን ሕፃንም አግኝቶ ከሆነ ጉዳዩ ከሁሉ ይቀድማል። ከማሸጊያው የጎደለው ኪኒን በድመቲቱ ሆድ ይሁን በልጁ ሆድ ካልታወቀ፣ ልጁ ዋጠ ተብሎ መቆጠር አለበት። አያስመልሱት፤ ማሸጊያውን ይዘው ወዲያውኑ ወደ ጤና ጣቢያ ወይም ወደ ሆስፒታል ያድርሱት። ፓራሲታሞል በብዛት የዋጠ ሕፃን በመጀመሪያው ቀን እየተጫወተ ሊውል ይችላል፤ የጉበቱ ጉዳት የሚገለጠው ግን ከአንድና ከሁለት ቀን በኋላ ነው። ደኅና መምሰሉ ማንንም አያታልል። ጥቂት የብረት ኪኒን ወይም የስኳር ኪኒንም ለሕፃን ሕይወት አስጊ ነው።

በቤትና በትምህርት ቤት

መድኃኒት ቁልፍ ባለው ሣጥን ውስጥ፣ ሕፃን ከማይደርስበት ከፍታ ላይ ይቀመጥ። ለድመት ከፍታ ብቻውን አይበቃም፤ መደርደሪያ ላይ ትወጣለችና ክዳኑ የሚገጥም ይሁን። ኪኒን ወለል ላይ ከወደቀ እስኪገኝ ይፈለግ። መድኃኒትን ለልጅ «ከረሜላ» እያሉ መስጠት ይቅር። የተረፈውና ጊዜው ያለፈበትም በየግቢው ከመጣል ይልቅ፣ ፋርማሲ ወይም ጤና ጣቢያ ተጠይቆ ይመለስ።

መምህራን ሆይ፣ ይህን ነገር በአንድ ክፍለ ጊዜ ማስተማር ይቻላል። ተማሪዎች በየቤታቸው መድኃኒት የት እንደሚቀመጥ አይተው፣ በእጃቸው ሳይነኩ፣ በማግስቱ እንዲናገሩ ቢደረግ፣ ብዙ እናትና አባት በዚያው ምሽት ሣጥን መፈለጋቸው አይቀርም። ልጅ ስለ ድመቱ ሲነገረው በፍቅር ያዳምጣል፤ ለድመቱ ብሎ የዘጋው ሣጥንም ታናሽ እኅቱን ይጠብቃታል።