የማይታየው የብድር ታሪካችን

በየወሩ የመጀመሪያ እሑድ ከሰዓት በኋላ ሲልቨር ስፕሪንግ በሚገኝ አንድ ቡና ቤት እንሰበሰባለን። ሃያ እቁብተኞች ነን። እያንዳንዳችን አምስት መቶ ዶላር እንጥላለን፤ ዕጣ የወጣለት አሥር ሺህ ዶላር ይዞ ይሄዳል። ዳኛችን ለረጅም ዓመታት ታክሲ የነዱ አዛውንት ሲሆኑ ጸሐፊው እኔ ነኝ። መዝገባችን ተራ ደብተር ነው።

ከመካከላችን አንዲት እህት አሌክሳንድሪያ ውስጥ እንጀራ እየጋገረች ለሱቆች ታስረክባለች። ሥራዋን ለማስፋት ባንክ ሄዳ ብድር ጠየቀች። የተሰጣት መልስ ክሬዲትሽ መጥፎ ነው የሚል አልነበረም፤ ጭራሽ ክሬዲት የለሽም የሚል እንጂ። የዚያን ዕለት ማታ ደውላ «ጋሼ፣ ሦስት ዙር፣ ስድሳ ወር ሙሉ አንድ ቀን አላሳለፍኩም፤ እርስዎ ራስዎ ጽፈውት የለ?» አለችኝ። በእርግጥ ጽፌዋለሁ። ችግሩ የእኔን ደብተር ከእኛ በቀር የሚያነበው አለመኖሩ ነው።

በዚህ አገር አበዳሪ ስለ ተበዳሪው የሚጠይቀው ኤክስፔሪያን፣ ኢኩፋክስና ትራንስዩኒየን የተባሉትን ሦስት መዝጋቢ ኩባንያዎች ነው። በስፋት የሚሠራበት የፋይኮ ነጥብ ከ300 እስከ 850 ይደርሳል። ከዚህም ውስጥ 35 በመቶው የሚሰላው ዕዳን በጊዜው ከመክፈል ነው። እቁብተኛ የሚያደርገውም ይህንኑ ነው። ዕጣው ቀድሞ የደረሰው ያለ ወለድ ተበድሮ በየወሩ ይመልሳል፤ መጨረሻ የሚደርሰው ደግሞ ይቆጥባል። ነገር ግን ይህን ለመዝጋቢዎቹ የሚያሳውቅ ስለሌለ ዙሩ ሲያልቅ ታሪኩም አብሮ ያልቃል።

እኛ ምሁራን ነን ባዮች ስለ አገር ቤት አነስተኛ ብድር ብዙ እንጽፋለን፣ ብዙም እንከራከራለን። በ1988 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 40 ለዘርፉ ሕጋዊ መሠረት ሰጠው። የአማራ ብድርና ቁጠባ ተቋም፣ ሁላችን አብቁተ ብለን የምናውቀው፣ መያዣ ለሌለው ገበሬ በቡድን ዋስትና አበደረ። የሚተዋወቁ ጎረቤታሞች አንዱ ለሌላው ዋስ ይሆናሉ። ተቋሙም እያደገ ሄዶ በፈረንጆቹ 2022 ጸደይ ባንክ ሆነ። ታዲያ ይህ ከእቁባችን በምን ይለያል? መተማመኑ አንድ ነው። ልዩነቱ የገበሬው አከፋፈል የሚጻፈው በአበዳሪው መዝገብ ላይ መሆኑ ነው።

ሌሎች ስደተኞች ለዚህ ችግር መላ አበጅተውለታል። ሜክሲኮዎች ታንዳ የሚሉት እቁብ አላቸው። ሳን ፍራንሲስኮ የሚገኘው ሚሽን አሴት ፈንድ በ2008 ይህንኑ ወደ ወረቀት አመጣው። አባላቱ ወለድ የሌለው የብድር ውል ይፈርማሉ፤ የየወሩ ክፍያቸውም ለመዝጋቢዎቹ ይላካል። የካሊፎርኒያ ግዛትም በ2014 እንዲህ ላለው ብድር በሕግ እውቅና ሰጠች።

እኛስ ጋ ተቋም ጠፍቶ ነው? አርሊንግተን ላይ በ1983 የተመሠረተው የኢትዮጵያ ማኅበረሰብ ልማት ምክር ቤት፣ ኢሲዲሲ፣ ኢንተርፕራይዝ ዴቨሎፕመንት ግሩፕ በተባለው ክንፉ ለአነስተኛ ነጋዴዎች ያበድራል። በፌዴራል መንግሥቱ የአነስተኛ ብድር መርሐ ግብር እስከ 50,000 ዶላር መበደር ይቻላል። የጎደለው ከእቁቡ ደብተር ወደ እንዲህ ያለ አበዳሪ የሚያሻግር ድልድይ ነው።

ይህን ሐሳብ ለእቁብተኞቹ ሳቀርብ ዳኛችን አልወደዱትም። «ሰው ሲታመም አንድ ወር እንታገሠዋለን፤ ወረቀት ይታገሣል?» አሉኝ። እውነታቸውን ነው። በጊዜው የተከፈለ የሚመዘገብ ከሆነ የዘገየውም ይመዘገባል። ነገሩን ለፈረንጅ ማሳየት የማይፈልግም አለ። ስለዚህ እቁቡ በሙሉ ይመዝገብ አልልም። የምለው ፈቃደኞች ለብቻቸው ትንሽ ዙር ይጀምሩ፣ ገንዘቡም በሕጋዊ አበዳሪ በኩል ይለፍ ነው። የሒሳብ፣ የሕግና የባንክ ባለሙያዎች በዚህ አካባቢ ሞልተውናል። ውሉን ማርቀቅ፣ ከአበዳሪዎች ጋር መነጋገር፣ ለእናቶች በአማርኛ ማስረዳት የእነሱ ድርሻ ነው።

እህታችን እስከዚያው እጇን አጣጥፋ አልተቀመጠችም። ክሬዲት ዩኒየን ሄዳ አምስት መቶ ዶላር አስይዛ ክሬዲት ካርድ አወጣች። በየወሩ ጤፍ ትገዛበታለች፣ ሳታሳልፍም ትከፍላለች። ስድሳ ወር የከፈለች ሴት ከአንድ ብላ ጀምራለች ማለት ነው። ከእሷ በኋላ የሚመጡት እንደ እሷ ከዜሮ እንዳይጀምሩ ማድረግ በእጃችን ያለ ሥራ ይመስለኛል። ስለ ጎጃም ገበሬ ብድር ስንጽፍ አሌክሳንድሪያ ያለችውንም አንርሳ።