የፀሐይ ሙቀት እንዴት መብራት ይሆናል?

ቀጨኔ ጣሪያ ላይ ሶላር ውሃ ማሞቂያ ስገጥም ደጋግሞ የሚገጥመኝ ጥያቄ ነው፦ «በዚህ መብራት ማመንጨት አይቻልም?»

የማሞቂያው ጥቁር ሰሌዳ ውሃውን የሚያደርሰው ለሻወር እስከሚበቃ ሙቀት ነው። ተርባይን ለማዞር ግን ኃይለኛ እንፋሎት ያስፈልጋል።

ሞሮኮ፣ ዋርዛዛት አጠገብ ያለው ኑር 3 ማመንጫ ይህን እንፋሎት የሚያገኘው በሺዎች በሚቆጠሩ መስታወቶች ነው። መስታወቶቹ እንደ ሱፍ አበባ ፀሐይን እየተከተሉ ጨረሯን ወደ ረጅም ማማ ጫፍ ይመልሳሉ። እዚያ የሚያልፈው የቀለጠ ጨው ከ290 ወደ 565 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ይግላል። ጨው ውሃ ያፈላል፣ እንፋሎቱ 150 ሜጋ ዋት የሚያመነጨውን ተርባይን ያዞራል። የጋለው ጨው በታንከር ስለሚቀመጥ ፀሐይ ከጠለቀች በኋላም ለ7 ሰዓት ያህል ይሠራል።

በረሃ የተመረጠው ለሙቀቱ አይደለም፤ ለጠራው ሰማዩ ነው። መስታወት መሰብሰብ የሚችለው ቀጥተኛ ጨረርን ብቻ ነው። የቀጨኔ የክረምት ደመና ጨረሩን ስለሚበትነው እንዲህ ያለው ማመንጫ እዚህ ቢሆን በክረምት ሥራ ያቆም ነበር። የጣሪያችን ማሞቂያ ግን የተበተነውንም ብርሃን ይጠቀማል።

አቧራ ግን ብርሃኑን ስለሚከለክል፣ ማሞቂያ ያላችሁ፣ በበጋ የሰሌዳውን መሸፈኛ መስታወት አቧራ ጠዋት፣ ሳይግል ጥረጉት። ማሞቂያው መብራት ባያመነጭም የመብራት ወጪያችሁን በእርግጥ ይቀንሳል።